አያ ሰይድና የእንጨት አረቄ

አያ ሰይድ መሞታቸውን የነገረኝ ከደጋን የመጣ አንድ አህያ ነጂ ነው። ጭነቱን አራግፎ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ወሬው ለአህያዋ ይሁን ለኔ ሳይለይ፣ «የሳሙናው ሰውዬ ባለፈው ጁምዓ ተቀበሩ» አለ።

«የትኛው የሳሙና ሰውዬ?» አልኩት። የማውቀው አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ።

«አያ ሰይድ ናቸዋ።»

«ምን አገኛቸው?»

«ቁጭ ብለው ነው የሞቱት።»

«ታመው ነበር?»

«አይ፣ ቁጭ ብለው ነበር።»

ከዚህ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ውሃ ጠጥቶ፣ አህያዋንም አጠጥቶ ሄደ። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለሳቸው የምነግረው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ባይ፣ የሚያውቋቸው ሁሉ ወይ ሞተዋል፣ ወይ አገር ለቀዋል። ስለዚህ እዚሁ ልንገር።

የተዋወቅነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ ከቦሩ ሜዳ ተነስቼ፣ ደሴን አልፌ፣ ቁልቁለቱን ጨርሼ ኮምቦልቻ ገባሁ። የቦሩ ሜዳን ብርድ የለመደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ መጀመሪያ ጋቢውን ያወልቃል፤ ቀጥሎ ሥራ ይፈልጋል። እኔ ከእናቴ የተማርኩት አንድ ሙያ አረቄ ማውጣት ነበር። መንገድ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ድንጋይ ጠራቢው ሁሉ ኮምቦልቻ ላይ ፈሶ ስለነበር ጠጪ አላጣሁም። ከቦርከና ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ከአጥሩ ወዲያ የአያ ሰይድ ግቢ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጭ ቆብ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ቅንድብ የላቸውም። ወጣት ሳሉ አንድ ነገር ሲያፈሉ ተቃጥሎ ሁለተኛ አልበቀለም። ስለዚህ ሲደነቁም፣ ሲቆጡም፣ ሲያዝኑም ፊታቸው አንድ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ ልበ ደንዳና ይላቸው ነበር።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጋ መጥተው ጠሩኝ። እስላም ጎረቤት፣ ያውም አምስት ወቅት ሰጋጅ፣ አረቄዬን ሊያስነሳ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ።

«እንደምን አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«አረቄ ነው የምታወጪው?»

«አዎ» አልኩ፣ ላስተባብል ብልም ጭሱ ከኋላዬ ይታይ ስለነበር።

«መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ትደፊዋለሽ፣ ወይስ ትቀላቅይዋለሽ?»

«እደፋዋለሁ። እናቴ እንደዚያ ነው ያሳየችኝ።»

«እናትሽ አዋቂ ናት። መጨረሻ ላይ የሚመጣውንስ፣ ያን የሚሸተውን?»

«እሱንም እደፋዋለሁ።»

«እሱን አትድፊ። ለኔ ስጪኝ።»

ዓይኔን አፈጠጥኩ። «ለመጠጥ?»

«አስተግፊሩላህ! ለሽታ ነው እንጂ።»

ጉርብትናችን እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ አረቄው ሊያልቅ ሲል የሚወርደውን ጭራውን በጠርሙስ አጠራቅሜ በአጥሩ አቀብላቸዋለሁ። እሳቸው በምትኩ ሳሙና ይሰጡኛል።

ሳሙና የሚያፈሉት በግማሽ በርሚል ነበር። የዕውቀታቸውን ምንጭ ስጠይቃቸው አልደበቁኝም። በልጅነታቸው ምፅዋ ወርደው አንድ ግሪክ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ብልቃጥ አጣቢ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። «ብልቃጡን ሳጥብ ውስጡ ምን ነበር እያልኩ እጠይቀው ነበር» አሉኝ። «ሰውዬው ሚስት ስላልነበረችው መልስ ይሰጠኝ ነበር።»

አንድ ቀን ብረት ምጣድ እሳት ላይ ጥደው ጠሩኝ። ቁንጥር ስኳር አደረጉበት፤ ቀለጠ፣ ጠቆረ። ቁራሽ እንጀራ አደረጉ፤ ጠቆረ። የሳሙና ፍርፋሪ፣ የላም ቀንድ ስባሪ፣ ከነጠላዬ ጫፍ የተመዘዘ ክር፤ ሁሉም በየተራው ጠቆረ። በመጨረሻ ጨው አደረጉበት። ጨው ተንጣጣ እንጂ አልጠቆረም።

«አየሽ? ነፍስ ከነበረው ነገር የመጣ ሁሉ ውስጡ ከሰል ነው። ጨው ነፍስ አልነበረውም።»

«እኛስ አያ ሰይድ?»

«እኛም ከሰል ነን። ግን አንሞክረውም።»

የሳሙናውን ነገርም ያስረዱኝ እንዲሁ በእጅ እያስነኩ ነው። አመዱን በውሃ ያጠሉታል፤ ያንን ውሃ ከኖራ ጋር ሲያደርጉት ቆዳ የሚልጥ ይሆናል። ሞራው ደግሞ ቀልጦ ይጠብቃል። ሁለቱ ተገናኝተው ግማሽ ቀን ሲፈሉ ሞራም የአመድ ውሃም መሆናቸው ይቀራል። ከዚያ ጨው ሲበተንበት ሳሙናው እንደ እርጎ ወደ ላይ ይወጣል። ከሥር የቀረውን ውሃ አንድ ቀን አጣርተው፣ አጥበውና አፍልተው ወፍራም ፈሳሽ አደረጉትና ጣቴን አስነክረው «ቅመሽ» አሉኝ። ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው።

«ስኳር ጨምረውበታል?»

«ሞራው ውስጥ ነበር። ሞራ ማለት ይሄ ጣፋጩና ቅባቱ ተያይዘው ነው። የአመዱ ውሃ አፋታቸው። ቅባቱ ሌላ አገባ፣ ሳሙና ሆነ። ጣፋጩ ላጤ ቀረ።» ወደ አረቄ ቤቴ እየጠቆሙ፣ «ይሄ ጣፋጭ ካንቺ አረቄ ጋር ዘመድ ነው» አሉ። «ግን አያሰክርም። ዘመድ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም።»

አልኮል የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ቃሉ ከዓረብ አገር የሄደ፣ ከዓይን ኩል ጋር አንድ መሆኑንም ነገሩኝ። «ስሙን እኛ እስላሞቹ አወጣንለት፤ እናንተ ጠጣችሁት» አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው ይሳቁ አይሳቁ ፊታቸው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የሽታው ነገር ደግሞ ብዙ መዘዝ አመጣ። የአያ ሰይድ ሳሙና ያጸዳል፣ ግን ሞራ ሞራ ይላል። ይህ ያንገበግባቸው ነበር። እኔ የማቀብላቸውን የአረቄ ጭራ ከጠንካራ አቼቶ ጋር አድርገው፣ ጋራዥ ከሚሠራ ሰው ያገኙትን የባትሪ አሲድ ጠብ አድርገውበት፣ ጓሮ ውስጥ ቀስ አድርገው ያሞቁታል። አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ሙዝ ሸተተኝ። የበሰለ፣ ሊፈርጥ የደረሰ ሙዝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ አጥሩ ጋ ተደርድረው «አያ ሰይድ፣ ለልጆቻችን አንዳንድ ፍሬ እንኳ» ይሏቸዋል።

«ሙዙ የለም» አሉ አያ ሰይድ። «ሽታው ብቻ ነው ያለው።»

«ሽታው ካለ ሙዙ የት ሄደ?»

«ሙዙ ገና አልመጣም» አሉና ገቡ። የሚያስረዱበት ሌላ መንገድ ያጡ ይመስለኛል። ሰፈርተኛው ግን ሙዝ ቀባሪ እያለ አንድ ወር አማቸው።

ሙዝ ሙዝ የሚለው ሳሙና ደሴ ገበያ ላይ ተወደደ። ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው ከገራዶ የመጡ ሰዎች ለሙሽራ ብለው ብዙ ወሰዱ። ሙሽራዋም ሚዜዎቿም ታጠቡበት። የሙሽራዋ ግቢ ውስጥ የንብ ቀፎ ነበር። ንቡ እንዳለ ተነስቶ ሙሽራዋን ከነአጃቢዎቿ እስከ ወንዝ አሳደዳት። ወሬው ኮምቦልቻ እንደደረሰ አያ ሰይድ ዳገቱን ወጥተው ገራዶ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅር ተባሉ። ያኔ ዝም ብለው መመለስ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቁራጭ ሳሙና ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ቀፎው ጠጋ አሉ፣ ነገሩን ለማረጋገጥ።

ሲመለሱ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው አይታይም። በሕይወቴ ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ምክንያቱን አገኘሁት» አሉኝ በአበጠ ከንፈር። «ንብ ሲናደድ እራሱ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሳሙናዬን ሲያሸቱ አንዱ ጓደኛቸው ተናዶ የጠራቸው ይመስላቸዋል።»

ከዚያ ወዲያ ንብ ላለው ቤት አልሸጡም። ገዢውን አስቀድመው «ንብ አለህ?» ይሉት ነበር።

በሰፈሩ ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ ሸህ የሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የአያ ሰይድ ሥራ አይዋጥላቸውም። አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ «ሰይድ» አሏቸው፣ «ጎረቤትህ አረቄ፣ እጅህ አረቄ፣ የቀረህ አፍህ ብቻ ነው።»

«አፌን አላህ ይጠብቅልኝ» አሉ አያ ሰይድ፣ ጎንበስ ብለው። ሸሁን ያከብሯቸው ነበር። የሸሁን ወንድ ልጅ ሑሴንን ደግሞ በጣም ይወዱታል። ሑሴን ሃያ ዓመት የሞላው፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ የሚፈነቅል፣ ሳቂታ ልጅ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልምጣ።

ጧት ታደሰ የሚባል፣ ከመንገድ ሥራው መጋዘን ዕቃ የሚያወርድ ሰው ታኒካ ተሸክሞ ቤቴ ገባ። ደንበኛዬ ነው። ታኒካውን አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተልኝ። እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ሽታው አረቄ አረቄ ይላል።

«አስካለ፣ የጣሊያን አረቄ ነው» አለኝ። «መጋዘን ውስጥ በርሚሉ ሞልቶ ተቀምጧል። ካንቺው ጋር ደባልቂና ሽጪው። ለሌሎቹ አረቄ ቤቶችም ትንሽ ትንሽ አድያለሁ።»

«ማን ቀመሰው?»

«እኛው። ትናንት እሑድ ከቀትር በኋላ እኔ፣ ሑሴን፣ መኮንን፣ ሦስታችን ጠጣነው። ይኸው ቆሜ አለሁ። ራስ እንኳ አያዞርም!»

መኮንን ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሠራተኞቹ ዳስ ውስጥ የሚያድር ዝምተኛ ሰው።

ታኒካውን አላመንኩትም። የእናቴ ምክር ነው፤ ሲወጣ ያላየሽውን አረቄ አትሽጪ ትል ነበር። አጥሩ ጋ ሄጄ አያ ሰይድን ጠራሁ። መጡ፣ አሸተቱ። ቤታቸው ገብተው የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው ይዘው ተመለሱ። ሽቦውን ከከሰሉ ውስጥ ከተው እስኪቀላ ጠበቁና አውጥተው መጀመሪያ የኔን አረቄ በያዘ ስኒ ነከሩት። ጭሽ አለ። ሽቦው እንደ አዲስ አበራ፣ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ ወጣ። እንደገና አግለው ከታኒካው የተቀዳ ስኒ ውስጥ ነከሩት። እሱም ጭሽ አለ፤ ሽታው ግን አፍንጫዬን ወግቶ ዓይኔን አስነባኝ።

«ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግሪኩ ጋ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚዘፈዝፉበት መድኃኒት ነው። ይሄ ከእህል አልወጣም፣ ከእንጨት ነው። የእንጨት አረቄ። ካንቺው አረቄ ጋር ወንድማማች ናቸው፤ ከሰሉ በአንድ ያንሳል።» ወደ ታደሰ ዞሩ። «የአስካለ አረቄ ሆድ ገብቶ ሲቆይ አቼቶ ይሆናል፤ ሰውነት ይችለዋል። ይሄኛው መጀመሪያ ይሄን የሸተተህን ይሆናል፣ ቀጥሎ የጉንዳን መርዝ ይሆናል። እሱም ዓይን ይወዳል። ትናንት ከቀትር በኋላ ነው ያልከኝ?»

«አዎ» አለ ታደሰ። ፈገግታው እየቀነሰ ነበር።

«አሁን እንዴት ይታይሃል?»

«ደህና። ዛሬ ፀሐይዋ ብቻ በዛች።»

አያ ሰይድ ሰማዩን አዩ። ደመና ነበር።

ቤቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ አንድ ጠርሙስ ነበረኝ። ያንን አስመጡኝና ለታደሰ አንድ ስኒ ሙሉ ሰጡት። ታደሰ «መድኃኒቱ ይሄ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ጨለጠው። እዚሁ ተቀመጥ፣ በየሰዓቱ ትጠጣለህ አሉት። ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ በርሚሉ መከፈቱ ሳይታወቅ መድረስ አለብኝ ብሎ ሮጠ። እመለሳለሁ አለ።

«አያ ሰይድ፣ አረቄ በአረቄ ይድናል?» አልኳቸው።

«አላውቅም። ምፅዋ ላይ መርከብ ጫኞች እንዲህ ያለውን ጠጥተው አይቻለሁ። ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛው ሰካራም ነበር፤ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ኮኛኩን አላቋረጠም። እሱ ዳነ፣ ዓይኑም ተረፈ። የሰውነት በሩ አንድ ይመስለኛል። ደህናው አረቄ በሩን ከያዘ መጥፎው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ሲጠብቅ በሽንት ይወጣል። ይመስለኛል ነው ያልኩሽ።»

«ከሌሎቹ አረቄ ቤቶች ላምጣ?»

«ታደሰ አድሏቸዋል። የማምነው ያንቺን ብቻ ነው። ለነሱም እንዲደፉት ንገሪያቸው።»

በመንገዳችን ላይ ነገርኳቸው። ደፉት። አያ ሰይድ ጠርሙሱን እኔ እንድይዝ አደረጉ፤ ሸህ የሱፍ ቤት በገዛ እጃቸው አረቄ ይዘው መግባት ከበዳቸው።

ሸሁ በር ላይ ቆመው ነበር። «ሰይድ፣ ሴትዮዋ የያዘችው ምንድን ነው?»

«አረቄ ነው ሸህዬ።»

«እቤቴ?»

«ገና ደጅ ነው።»

ሑሴን ከውስጥ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። ራሱን አሞት ሥራ ቀርቷል። አባትየው ብርድ መስሏቸዋል። አያ ሰይድ ጠጋ ብለው «ምን ይታይሃል?» አሉት።

«ጉም» አለ ሑሴን። «ቤቱ ውስጥ ጉም ገብቷል።»

ከዚያ ለአባትየው መንገር ግድ ሆነ። አያ ሰይድ አላስጌጡትም፤ ልጅዎ ትናንት ጠጥቷል፣ የጠጣው መርዝ ነው፣ ዓይኑ ሊሄድ ነው፣ ምናልባት ነፍሱም፣ አሉ። ሸህ የሱፍ ሙስበሃቸውን ይዘው ፍሬዋን ሳይቆጥሩ ቆዩ።

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። ብልቃጥ አጣቢ ነበርኩ።»

«ያድነዋል?»

«አላውቅም ሸህዬ። ያለኝ ይሄ ነው። ለሐኪም ደሴ ሰው ይላክ፤ እስኪመጣ ግን ዓይኑ አይጠብቅም።»

ሰው ተላከ። ሸሁ ወደ መደቡ ጠጋ ብለው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ «ነፍሱ ለተጨነቀች ሰው ሐራሙ ይፈቀድለታል» አሉ፣ ከመጽሐፍ እንደሚያነቡ ሁሉ። «ይጠጣ።»

ከጋቢው ውስጥ «አልጠጣም» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምን አልክ?»

«አልጠጣም አባባ። ተውበት አድርጌያለሁ፣ መጠጥ ትቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ትናንት ነበር ማድረግ!» አሉ ሸሁ።

ለመኑት፣ ቆጡት፣ አዘዙት። ሑሴን ብሞት ንጹሕ ሆኜ ልሙት አለ። ያ ሳቂታ ልጅ ድንገት ከአባቱ በላይ ሃይማኖተኛ ሆነ። ረፋዱ እያለቀ ነው። አያ ሰይድ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት፤ ስለ በሩም፣ ስለ ጉንዳኑም። በመጨረሻ ሑሴን ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ እሳቸው ወዳልቆሙበት ወገን እያየ፣ «አያ ሰይድ ከጠጡ እጠጣለሁ» አለ።

«እሱ አልታመመም» አሉ ሸህ የሱፍ። «ለሱ አልተፈቀደለትም።»

አያ ሰይድ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። ስኒውን ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሸህ የሱፍ ቀስ ብለው ዞሩና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

አያ ሰይድ ቢስሚላህ ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና ተዉት። ጠጡት። በስልሳ ዓመት ዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነበር። ፊታቸው እንደሁልጊዜው ነው፤ ጉሮሯቸው ብቻ ሁለት ጊዜ ወጣ ወረደ።

«በቃህ?» አሉት።

ሑሴን እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ። ስኒውን አስያዝኩት። እያለቀሰ ጠጣ።

ቀኑን ሙሉ እንዲጠጣ የጠርሙሱን ቀሪ እዚያው አስቀመጥን። ስንወጣ የቀትሩ ዙህር ሶላት ደርሶ ነበር። አያ ሰይድ ትንሽ ሲሄዱ ቆሙና፣ «አስካለ፣ እሳት አብዝተሽበታል» አሉኝ። «ጭስ ጭስ ይላል።»

ከዚያ የተጣደፍነውን መቼም አልረሳም። የደረሰ ድፍድፍ እሳት ላይ ጣድኩ፤ እሳቸው ራሳቸው የማቀዝቀዣውን ውሃ እየቀያየሩ አብረውኝ ቆሙ። የመጀመሪያው ጠርሙስ እንደሞላ ይዘው ወንዙን ተሻግረው ወደ መኮንን ሮጡ። መኮንን አልተከራከረም። ስኒውን በግራው በኩል ሲያቀብሉት ግን እሱ በቀኙ በኩል ይዳብስ ነበር።

ሁለት ቀን ለሁለቱም በየሰዓቱ እየለኩ ሰጧቸው። ልባቸውን ያዳምጣሉ፣ ሽንታቸውን ያያሉ፣ በሬ የሚያደክም ውሃ ያጠጧቸዋል። ከደሴ የተጠበቀው ሐኪም አልመጣም፤ ታደሰም አልተመለሰም። ማክሰኞ ጧት መጋዘኑ በስተኋላ ጆንያ ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ፤ በርሚሉን መልሶ አሽጎት ነበር። የመጋዘኑ አለቃ ጣሊያን ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ ሌባውን አምጡ አለ። አያ ሰይድ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ አሳዩት። ሰውዬው ተናዶ ብልቃጣቸውን በሙሉ አሰበረ። ስብርባሪውን ሲጠርጉ «ለማጠብ ቀላል ሆነ» ብቻ አሉ።

በአራተኛው ቀን ሑሴን ጉሙ ተገፈፈለት። የመኮንን ጉም ግን ጨለመ እንጂ አልተገፈፈም።

ጁምዓ ዕለት አያ ሰይድ ሸህ የሱፍ ዘንድ ሄደው ስለጠጡት ነገር ምን ቅጣት እንዳለባቸው ጠየቁ። ይህን የነገረኝ ሑሴን ነው። ሸሁ፣ «ምን ጠጣህ? እኔ ግድግዳ እያየሁ ነበር» አሏቸው።

«እርስዎ ባያዩም ሸህዬ...»

«እንግዲያው ያየህን ጠይቀው። እኔን አትጠይቀኝ።» ይህን ብለው ግንባራቸውን ሳሟቸው። አያ ሰይድ ግን አርባ ቀን ጾሙ። ሑሴን ከጎናቸው አልተለየም፤ እሱም ጾመ።

መኮንን የትውልድ አገሩ ሩቅ ነበር፣ የሚጠብቀውም ሰው አልነበረውም። አያ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ ቤት ሠሩለትና ሥራ አስተማሩት። የደረቀውን ሳሙና በቀጭን ሽቦ ይቆርጣል። ድንጋይ ጠራቢ ስለነበር እጁ ልክ ያውቃል፤ ዓይናማው እንደሱ አድርጎ አይቆርጥም። ጥንቱንም ዝምተኛ ስለነበረ፣ ስላጣው ዓይኑ ሲያወራ አልሰማሁም።

አንድ ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአረቄ ጭራ ላቀብል ግቢያቸው ገባሁ። መኮንን ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይቆርጣል። አያ ሰይድ በርሚላቸውን ትተው ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን አይተዋል፤ ግን ንግግራቸውን አላቋረጡም።

«መኮንን፣ ያን ሰኞ የነበረን አረቄ አንድ ጠርሙስ ነበር። ሸህዬ ቤት ይዘነው ገባን። ከሑሴን ጋር ስንከራከር ረፋዱ አለቀ። ግማሹን ቀድቼ ለአስካለ ሰጥቼ ወዳንተ ልልካት እችል ነበር። አላሰብኩትም። አንተ ጋ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው።»

መኮንን ሽቦውን ያዘ፣ አልሳበውም።

ያን ረፋድ ሸሁ ቤት ጠርሙሱን ታቅፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔም አላሰብኩትም። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ቶሎ ብደርስ ዓይንህ ይተርፍ ነበር?» አሉ አያ ሰይድ። «አላውቅም። የጠጣኸው ከሑሴን የበለጠ ይሆናል። ሰውነትህ የተለየ ይሆናል። ሁሉንም አስቤ አላገኘሁትም።»

መኮንን ፊቱን ወደ ድምፃቸው መለሰ። «ታዲያ ዛሬ ለምን ነገሩኝ?»

ቅንድብ በሌለው በአያ ሰይድ ፊት ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ፤ የተለወጠ ሌላ ነገር አልነበረም። መኮንን ደግሞ አያይም።

«ብቻዬን አለማወቁ ከበደኝ» አሉ።

ሽቦው ሳሙናው ውስጥ ተሳበ። አንድ ቁራጭ ወደቀ፣ ሌላም ወደቀ። መኮንን ቁራጮቹን በመዳፉ ዳብሶ ጠርዛቸውን አስተካከለ።

«እንግዲህ ሁለት ሆነን አናውቅማ» አለ። «ያንን ቀጣዩን ያቀብሉኝ።»